በደረቅ አየር ንብረት የሂዩሚዶርን እርጥበት ሳይዋዥቅ ስለ ማቆየት

የሲጋር ቅጠል በዙሪያው ካለው አየር ጋር ያለማቋረጥ ውሃ ይለዋወጣል። አየሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ያለውን ውሃ ይለቃል፤ አየሩ ሲረጥብ ደግሞ መልሶ ይጠጣል። አየሩ ለወራት ደረቅ ሆኖ በሚቆይበት አካባቢ ያለ ጥበቃ የተቀመጠ ሲጋር ብዙም ሳይቆይ የውጭ መጠቅለያው ይሰነጠቃል፣ ሲለኮስ ፈጥኖና ከመጠን በላይ ሞቆ ይነዳል፣ ጭሱም ጉሮሮን የሚከረክር ይሆናል። ከሚገባው በላይ የረጠበ ሲጋር በበኩሉ ሲሳብ አየር አያሳልፍም፣ በአንድ ወገኑ ብቻ ይነዳል፣ ደጋግሞም ይጠፋል። የሂዩሚዶር፣ ማለትም እርጥበቱ ተጠብቆ ሲጋር የሚቀመጥበት ሳጥን፣ ሥራ በእነዚህ ሁለት ጥፋቶች መካከል ያለውን ጠባብ ክልል ማስጠበቅ ነው።

የተለመደው መመሪያ 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ የያዘው ድርሻ) እና 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ነው። ቁጥሩ ስህተት ባይሆንም በደረቅ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከ65 እስከ 68 በመቶ ያለው ክልል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በሳጥኑ ውስጥና በክፍሉ ውስጥ ባለው እርጥበት መካከል ያለው ልዩነት በጠበበ ቁጥር የሚያመልጠው ውሃ ይቀንሳል፤ ሲጋሩም በ65 በመቶ በሚገባ ይነዳል። ቅጠሉን በዋናነት የሚጎዳው ደጋግሞ ማበጡና መኮማተሩ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ 65 ላይ ረግቶ የሚቆይ ሳጥን ዛሬ 72፣ ነገ 61 ከሚያነብ ሳጥን እጅግ ይመረጣል።

በደረቅ አካባቢ ሂዩሚዶራቸው አልረጋ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔውን የሚፈልጉት ውሃ በመጨመር ነው። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ውሃው በሚወጣበት ቀዳዳና ቀድሞ ባልጠገበው እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል መለኪያውን ማረጋገጥ፣ ክዳኑን መድፈን፣ እንጨቱን ማጥገብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እርጥበት ሰጪ መምረጥ ሊሆን ይገባል።

ውሃው በሳጥኑ ውስጥ የት ይገኛል?

ይህን መረዳት ብዙ ከንቱ ድካም ያስቀራል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ቢበዛ 17 ግራም ያህል ነው። በዚህ ስሌት፣ 20 ሊትር ስፋት ባለው ሂዩሚዶር ውስጥ ያለውን አየር ከ20 በመቶ ወደ 70 በመቶ ለማድረስ የሚያስፈልገው ውሃ የአንድ ግራም አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እንጨቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። 20 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ የቆየ አንድ ኪሎ እንጨት 70 በመቶ እርጥበት ካለው አየር ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ከ80 ግራም በላይ ውሃ ይጠጣል። የትምባሆ ቅጠሉም እንዲሁ የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ሲጋር ለማውጣት ክዳኑን ለጥቂት ጊዜ መክፈት የሚያስፈራ ነገር አለመሆኑ ነው፤ የወጣውን አየር ለመተካት የሚያስፈልገው ውሃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እንጨቱና ቅጠሉ ሳይቸገሩ ይተኩታል። ሁለተኛው፣ በክዳኑ ዙሪያ ያለች ቀጭን ክፍተት ግን ሌሊትና ቀን ስለማታርፍ፣ ውሎ አድሮ የእንጨቱንና የሲጋሩን ውሃ ጠቅላላ አሟጣ ልትወስድ የምትችል መሆኗ ነው።

ቤቱ በማሞቂያ በሚሞቅባቸው የብርድ ወራት ደግሞ ሁኔታው ይብሳል። ውጭ በ0 ዲግሪ 50 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር ወደ ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይቀነስለት አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ደረቅ አየር የበረሃ ብቻ አይደለም፤ በረዶ በሚዘንብበት አገርም ቤት ውስጥ ይገኛል።

መለኪያውን ማረጋገጥ

ከሳጥኑ ጋር ተገጥመው የሚመጡት ባለ ቀስት መለኪያዎች በአብዛኛው የሚታመኑ አይደሉም። ዲጂታል ሃይግሮሜትር (የእርጥበት መለኪያ) ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ሊያዛባ ስለሚችል በጨው መፈተሽ አለበት። ከገበታ ጨውና ከውሃ የሚዘጋጅ፣ ያልሟሟ ጨው የቀረበት ድብልቅ በዝግ ቦታ ውስጥ ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያረጋዋል፤ ይህም በተለመደው የቤት ሙቀት ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንዲት የጠርሙስ ቆርኪ ጨው ይሙሉና ጨውየው እርጥብ አሸዋ መስሎ እስኪታይ ድረስ ጥቂት ጠብታ ውሃ ያክሉበት። ጨው ሟሙቶ ካለቀና ውሃ ከላይ ከተንሳፈፈ ውሃው በዝቷልና ጨው ይጨምሩ። ቆርኪውንና መለኪያውን እርስ በርስ ሳያነካኩ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ጥብቅ አድርጎ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ አስቀምጠው፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቦታ ለአንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ከዚያ ሳይከፍቱ በውጭ ሆነው ያንብቡ። መለኪያው 72 ካለ ሦስት ነጥብ ዝቅ አድርጎ ያነባል ማለት ነውና፣ የሚስተካከል ከሆነ ያስተካክሉት፤ ካልሆነ ልዩነቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከጀርባው ይለጥፉት። ፈተናውን በየስድስት ወሩ መድገም ተገቢ ነው። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሌላው ሥራ መሄድ፣ ያልነበረ ችግር ለማስተካከል ሲሉ ደህናውን ሳጥን ወደ ማበላሸት ይመራል።

ክዳኑንና ሌሎች ቀዳዳዎችን መድፈን

በደረቅ አካባቢ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ሥራ ነው። አንድ ቀጭን ወረቀት በክዳኑና በሳጥኑ ከንፈር መካከል አስገብተው ይዝጉና ቀስ አድርገው ይሳቡት። ወረቀቱ ያዝ ማለት አለበት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ተንሸራቶ ከወጣ በዚያ ቦታ ክዳኑ አልገጠመም። ፈተናውን በአራቱም ጎን፣ በተለይም በማዕዘኖቹና ማጠፊያዎቹ ባሉበት በኩል ይድገሙት። ቀጥሎ የእጅ ባትሪ አብርተው በባዶው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፣ ክዳኑን ዘግተው ክፍሉን ያጨልሙና በዙሪያው ይመልከቱ። ብርሃን የሚያሾልክ ስንጥቅ ሁሉ ውሃም ያሾልካል። ክዳናቸው መስታወት የሆነ ሳጥኖችና ፊት ለፊታቸው ለመለኪያ የተቦረቦሩ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የሚያፈስሱት ከእነዚሁ ቦታዎች ነው።

በመስታወቱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን የሲሊኮን መስመር መድፈን ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙው ሲሊኮን እስኪደርቅ ድረስ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ ሽታው ወደ እንጨቱና ወደ ቅጠሉ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያልተቀላቀለበትን፣ ለአሳ ማርቢያ መስታወት የሚሠራውን ዓይነት መምረጥ፣ ከለጠፉም በኋላ ክዳኑን ከፍቶ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ለቀናት መተው ይገባል። በክዳኑ ከንፈር ላይ ሽታ የሌለው ስስ የሲሊኮን ጎማ መለጠፍም ይረዳል። ወፍራም ጎማ ግን ክዳኑ እንዳይዘጋ አድርጎ ክፍተቱን በሌላ በኩል ስለሚከፍት፣ ከለጠፉ በኋላ የወረቀቱን ፈተና መድገም ግዴታ ነው።

ሳጥኑ እጅግ ርካሽ ወይም የተጣመመ ከሆነ መጠገኑ ላያዋጣ ይችላል። ዙሪያውን የሲሊኮን ጎማ ያለው ጥሩ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ፣ በውስጡ የስፓኒሽ ሴዳር (ለሂዩሚዶር የሚመረጥ የእንጨት ዓይነት) ሳንቃ ተጨምሮበት፣ በደረቅ አየር ውስጥ ከብዙ ያማሩ የእንጨት ሳጥኖች የተሻለ ሥራ ይሠራል። ለዓይን ደስ ባይልም ፕላስቲክ እንደ እንጨት በግድግዳው በኩል እርጥበት አያሾልክም። ብዙ ሲጋር ለሚያስቀምጥ ሰውም በረዶ መያዣ ትልቅ ሳጥን በዚሁ መንገድ ሊያገለግል ይችላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ታጥቦ፣ ክፍት ሆኖ ሰንብቶ የፕላስቲክ ሽታው መልቀቅ አለበት።

እንጨቱን ማጥገብ

አዲስ የእንጨት ሂዩሚዶር፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ባዶውን የቆየ፣ ሲጋር ከመግባቱ በፊት መጥገብ አለበት። ይህ ካልተደረገ እንጨቱ ውሃውን የሚወስደው ከሲጋሩ ነው። ብዙዎች ሥራውን ለማፋጠን የውስጡን እንጨት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ በደረቅ አካባቢ ይህ በእጥፍ ይጎዳል። የሳንቃው የውስጥ ፊት በአንድ ጊዜ ሲያብጥ የውጭ ፊቱ በደረቁ አየር እንደ ተኮማተረ ስለሚቀር ሳንቃው ይጎብጣል፤ ክዳኑም ከዚያ በኋላ ሊገጥም አይችልም።

ትክክለኛው መንገድ በተን ብቻ፣ ቀስ በቀስ ማጥገብ ነው። ንጹሕ ስፖንጅ በዲስቲልድ ውሃ (ተኖ እንደገና ውሃ በመሆን ከማዕድን በጠራ ውሃ) አርሰውና ጨምቀው፣ እንጨቱን እንዳይነካ በሰሃን ላይ አድርገው በሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡና ይዝጉ። መሳቢያዎችና መከፋፈያዎች አብረው መግባት አለባቸው። ስፖንጁ ሲደርቅ ደግመው ያርሱት። ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚሠሩ፣ አየሩን 84 በመቶ ላይ የሚያረጉ የቦቬዳ (የንግድ ስም ነው) ከረጢቶችም አሉ፤ እነሱ ውሃ ሳያንጠባጥቡ በ14 ቀን ገደማ ሥራውን ስለሚጨርሱ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የበለጠ አስተማማኝ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመለኪያው ንባብ ከፍ ይልና ሰውን ያታልላል። ከፍ ያለው የአየሩ እርጥበት እንጂ እንጨቱ ገና አልጠገበም። እንጨቱ መጥገቡ የሚታወቀው ስፖንጁን ወይም ከረጢቱን አውጥተው ክዳኑን ዘግተው ለአንድ ሙሉ ቀን ሲተዉት ነው። ንባቡ በ70 አካባቢ ከቆየ ሳጥኑ ዝግጁ ነው፤ ወደ 50ዎቹ ከወረደ ገና ይጠጣልና ሥራውን ይቀጥሉ። በጣም ደረቅ በሆነ ቤት ውስጥ ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ መቸኮል ጥቅም የለውም።

ውሃው ዲስቲልድ መሆኑ የግድ ነው። የቧንቧ ውሃ የያዘው ማዕድን በስፖንጁና በሌሎች እርጥበት ሰጪዎች ቀዳዳ ውስጥ እየተጋገረ ይደፍናቸዋል።

እርጥበት ሰጪውን መምረጥ

ክዳኑ ከተደፈነና እንጨቱ ከጠገበ በኋላ እርጥበት ሰጪው የሚቀርለት ትንሽ ሥራ ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ስፖንጅ እርጥበት መስጠት እንጂ ሲበዛ መልሶ መውሰድ አይሆንለትም። ፕሮፒሊን ግላይኮል በተባለ ውሃ የሚስብ ፈሳሽና በዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል ድብልቅ ሲሞላ ወደ 70 በመቶ ያዘነብላል፤ ነገር ግን ተኖ የሚያልቀው በአብዛኛው ውሃው ስለሆነ፣ በየጊዜው የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ሊሆን ይገባል። ሁልጊዜ ድብልቁን የሚጨምር ሰው በመጨረሻ በግላይኮል የተለቀለቀ ስፖንጅ ይቀርለታል።

በደረቅ አካባቢ የምመርጠው ሲጎድል የሚሰጥ፣ ሲበዛ የሚወስድ ባለ ሁለት አቅጣጫ ዓይነቱን ነው። የቦቬዳ ከረጢቶች በውስጣቸው ያለው የጨውና የውሃ ውሕድ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የእርጥበት ቁጥር ያስጠብቃል። ለ25 ሲጋር ስፋት አንድ ባለ 60 ግራም ከረጢት የሚለው ልክ መነሻ ነው፤ አየሩ እጅግ ደረቅ በሆነበት ቤት ግን አንድ ወይም ሁለት መጨመር ይበጃል። ከረጢት ማብዛት እርጥበቱን ከተጻፈው ቁጥር በላይ አያደርሰውም፤ የሚያድገው ክምችቱ ብቻ ነው። እንጨት ሳጥን ሁልጊዜ ጥቂት ስለሚያሾልክ 69 ወይም 72 የተጻፈበት ከረጢት በተግባር ሁለት ሦስት ነጥብ ዝቅ ብሎ ይረጋል፤ ጥብቅ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ግን 65 የተጻፈበት በቂ ነው። የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ከረጢቶች በአንድ ሳጥን መቀላቀል አይገባም፤ አንዱ የሰጠውን ሌላው እየወሰደ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። በጣት ሲነኩ ፈሳሽነታቸው ጠፍቶ ውስጣቸው ደርቆ ከጠጠረ የሚለወጡበት ጊዜ ደርሷል።

ሲሊካ ጠጠሮችም (ውሃ መጥጠው የሚይዙ ባለ ቀዳዳ ደቃቅ ጠጠሮች) ጥሩ ናቸው። ሲደርቁ ነጭ ሆነው ይታያሉ፣ ውሃ ሲይዙ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ ምን ያህል ክምችት እንደ ቀረ በዓይን ይታወቃል። ውሃ ሲደፋባቸው ስለሚሰነጠቁ ዲስቲልድ ውሃ በመርጫ ጥቂት በጥቂት ይርጩባቸው፣ ሁሉም ሳይረጥቡ የተወሰኑት ነጭ እንደ ሆኑ ይቅሩ። ፕሮፒሊን ግላይኮል ግን ፈጽሞ አይንካቸው፤ ቀዳዳዎቻቸውን ደፍኖ ከጥቅም ውጭ ያደርጋቸዋል። ቁም ሳጥን የሚያህሉ ትልልቅ ሂዩሚዶሮች ደግሞ ማራገቢያ ያለው የኤሌክትሪክ እርጥበት ሰጪ ያስፈልጋቸዋል፤ ካልሆነ ከእርጥበት ሰጪው አጠገብ ያለው መደርደሪያ ሲረጥብ የራቀው ይደርቃል።

ቦታና ሙቀት

ሂዩሚዶሩን ከማሞቂያ፣ ከኤሲ ነፋስ፣ ከመስኮትና ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ማራቅ ያስፈልጋል። የሳጥኑ አንድ ጎን ሲሞቅ እርጥበቱ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሸሻል፤ ያን ጊዜ መለኪያው አማካይ ቁጥር እያነበበ ውስጥ ግን አንዱ ሲጋር ይደርቃል፣ ሌላው ይረጥባል። በቤቱ መካከል የሚገኝ ዝግ ቁም ሳጥን በአብዛኛው ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው።

ክፍሉን ራሱን ማርጠብ ከሚታሰበው በላይ ይረዳል። በ70 በመቶ ሳጥንና በ15 በመቶ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት 55 ነጥብ ነው፤ ክፍሉ 40 በመቶ ሲደርስ ልዩነቱ 30 ይሆናል። የሚያመልጠው ውሃም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ይህም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ለሰውም ቢሆን 40 በመቶ የሚመች አየር ነው።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። 24 እና 25 ዲግሪ ማለፍ ሲጀምር በቅጠሉ ውስጥ ያለ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ ይጨምራል። በመጠቅለያው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ክብ ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት ከታየ ነቀዝ ገብቷል። ሲጋሮቹን በጥብቅ ከረጢት ዘግተው ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ለሦስት ቀን ማቆየት፣ ከዚያ ለአንድ ቀን ወደ ፍሪጅ፣ በመጨረሻም ከረጢቱን ሳይከፍቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት መመለስ ያስፈልጋል። በድንገት ማሞቅ መጠቅለያውን ይሰነጥቃል።

ንባቡን መከታተል

መለኪያውን ከእርጥበት ሰጪው በራቀ ቦታ ያስቀምጡ፤ ቢቻል ሁለት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይሁን። ክዳኑ በተከፈተ ማግስት የሚታየውን መውረድ ለማስተካከል መሯሯጥ አይገባም፤ ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት፣ ራሱ ይመለሳል። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቦ መጻፍ በቂ ነው። ንባቡ ከሦስት ነጥብ በላይ ተዛብቶ ለሦስት ቀን ያህል ከቀጠለ ግን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ክዳኑ፣ ሁለተኛው ያለቀ እርጥበት ሰጪ፣ ሦስተኛው በቅርቡ የገባ ደረቅ ሲጋር ነው። ደረቁ ወቅት ሲገባ እንጨት ስለሚኮማተር፣ በዚያን ጊዜ የወረቀቱን ፈተና መድገም ልማድ ሊሆን ይገባል።

ሳጥኑ ባዶ በሆነ ቁጥር ክምችቱ ያንሳል፣ ንባቡም ይበልጥ ይዋዥቃል። ሲጋሩ ጥቂት ከሆነ በባዶው ቦታ የጠገበ የስፓኒሽ ሴዳር ሳንቃ መጨመር ያረጋዋል። የሲጋሮቹን ግልጽ የፕላስቲክ መጠቅለያ አለማውለቅም የእርጥበቱን ለውጥ ያዘገያል፤ በደረቅ አካባቢ ባይወልቅ እመርጣለሁ። ከላይና ከታች ያሉትን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ቦታ ማለዋወጥ ሁሉም እኩል እንዲደርሳቸው ያደርጋል።

ከመለኪያው በተጨማሪ እጅም ይናገራል። ሲጋሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል በቀስታ ጫን ሲያደርጉት ጥቂት ሰምጦ መመለስ አለበት። ቀጭን የመንኮሻኮሽ ድምፅ ካሰማ ደርቋል፤ ሰምጦ ካልተመለሰ ረጥቧል። በላዩ ጸጉር የመሰለ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ሲጋሩን ወዲያውኑ ለይተው ሌሎቹን ይመርምሩ፤ እርጥበቱም ከ75 በመቶ በላይ እንዳልቆየ ያረጋግጡ።

የደረቀ ሲጋር ከተገኘ ወደ 70 በመቶ ሳጥን በቀጥታ አይግባ። ውጩ ፈጥኖ ሲያብጥ ውስጡ ስለሚዘገይ መጠቅለያው ይፈነዳል። በተለየ ጥብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በ62 በመቶ ከረጢት ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ከዚያ በ65 ለተመሳሳይ ጊዜ ማቆየት፣ በየጥቂት ቀኑም ሲጋሩን በትንሹ ማዞር ያስፈልጋል። እጅግ የደረቀው ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል። በድርቀቱ ጊዜ ተኖ ያለቀው የቅጠሉ ዘይት ስለማይመለስ ጣዕሙ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ሲጋሩ ግን ሳይሰነጠቅ ተለኩሶ እኩል ለመንደድ ይበቃል፤ ከዚያም ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል ይችላል።